ጎባ ላይ «የድምፅ ምልክት ብሬል የለውም» የተባልን ቀን

ጎባ ደርሰን ገና ከአውቶቡስ እንደወረድን መምህራችን በቀለንና እኔን ለብቻ ጠራን...

«እናንተ ሁለታችሁ ማረፊያው ቆዩ። የድምፅ ምልክት በብሬል አይጻፍም። ወጥታችሁ ምን ልትሠሩ ነው?»

በጃንሆይ ጊዜ ነው። በቀለና እኔ ዓይነ ስውር ነን፤ የቋንቋ ጥናት ተማሪዎች። ክፍሉ በሙሉ ባሌ ድረስ የመጣው የኦሮምኛን ድምፆች ከሰው አፍ እየሰማ ሊጽፍ ነው። እኛ ደግሞ አልጋ እንድንጠብቅ!

ደሜ ፈላ። ክረምቱን ሙሉ እኮ ምልክቶቹን ስንሠራ ነው የከረምነው። ውጭ አገር በብሬል የተዘጋጀ አለ ሲባል ሰምተናል፣ እጃችን ግን አልገባም። ስለዚህ የራሳችንን አወጣን። ከጉሮሮ ፈንድቶ ለሚወጣ ድምፅ ከፊደሉ በፊት አንዲት ነጥብ፣ ለሚረዝም አናባቢ ከኋላው ሁለት... እንዲህ እያልን ጨረስነው። ለመምህሩ ስንነግረው «ተዉት ባካችሁ» ብሎ አልፎናል።

አልቆየንም። ተያይዘን ተከተልናቸው።

ቤታቸው አስገብተው ቃል የሚነግሩን አዴ መኪያ የሚባሉ የሲናና ተወላጅ እናት ነበሩ። መምህሩ ገና ሲያየን መቆጣት ጀመረ። እኔም «በቀለ ውጭ ይቁም። እሳቸው የሚሉትን እኔ ልጻፍ፣ እሱ ገብቶ ያንብበው» አልኩ።

በቀለ ወጣ። አዴ መኪያ ጀመሩ።

«ገራ... ሆድ ነው። ጋረ... ተራራ። ዸዻ... ቅቤ።»

እየተከተልኩ ወረቀቱን ወጋሁት። አንዲት ነጥብ ብስት ሆድ ተራራ ሊሆን ነው!

በቀለ ተጠርቶ ገባ። ወረቀቱን በጣቱ ዳሰሰና አንድ በአንድ አነበበው። የሚረዝመውን አስረዘመ፣ የሚያጥረውን አሳጠረ።

አዴ መኪያ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ማሻ አላህ! ያ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ? ሮቤ ነው ያደግከው?»

በቀለ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቅም።

መምህሩ ወረቀቱን ከበቀለ ተቀበለ። አሁንስ አመነ ብዬ ደስ ሲለኝ...

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን እኔ ማንበብ የማልችለውን ጽሑፍ እንዴት ነው የማርመው?»

ከዚያ በላይ መታገሥ አቃተኝ።

«መምህር፣ እኛስ ማንበብ በማንችለው ሰሌዳዎ አይደል ዓመቱን ሙሉ የተማርነው?»

በቀለ ጭኔን ቆነጠጠኝ። አለቀልን፣ ከትምህርት ቤትም ልንባረር ነው ብዬ ስጠብቅ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። መምህሩ አጠገባችን መጥቶ ተቀመጠ።

«እሺ... አንብቡልኝ» አለ።

በሚቀጥሉት ቀናት እኛ እየጻፍን አነበብን፣ እሱ እየሰማ አረመ። ሁለታችንም አለፍን።

ይቅርታ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀንም... እኔም ይኸው ሸምግዬ፣ ነገሩ በተነሳ ቁጥር እንደ አዲስ ያንገበግበኛል።