ሽማግሌ የሌለበት ፊልም

አባቴን ፊልም ለማየት የወሰድኩት ለመዝናናት አልነበረም። ምስክር እንዲሆን ልቡን ያነሳሳልኛል ብዬ ነው።

አባቴ የሆስፒታል አንሶላና የሐኪሞች ልብስ በሚታጠብበት ትልቅ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። በስደት በምንኖርበት በቮርቢ ጎርድ ሰፈር፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችንም የሥራ ባልደረባው ነበሩ። አገር ቤት ሳሉ አስተማሪ ስለነበሩ ሁላችንም «መምህር» እንላቸዋለን። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ በየቦታው ሥራ ሲቀነስ የእነሱም ድርጅት ሰው ሊያስወጣ ነው ተባለ። ማን ይቀራል፣ ማን ይወጣል በሚለው ላይ ከአሠሪው ጋር የሚደራደረው ፋኬት ነው፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ማለት ነው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ያገራችን ሰው ነበር። ተጫዋች ነው፤ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፤ ለአባቴም ያንን ሥራ ያስገኘለት እሱ ነው። ታዲያ በአንድ ስብሰባ ላይ መምህር እጃቸውን አውጥተው፣ «ከሥራ የማይቀነሱት ሰዎች ሁሉ ያንተን የበጋ ማረፊያ ቤት ቀለም የቀቡት መሆናቸው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁት። አዳራሹ ሳቀ። ሊቀመንበሩም አብሮ ሳቀ። በማግስቱ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ ከእሱ የማይለዩ ሁለት ሰዎች መምህርን ከብረት ቁም ሳጥን ጋር አጋጯቸው። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር።

አባቴ ከተደረደሩት የአንሶላ ጋሪዎች ጀርባ ሆኖ ይህን ሁሉ አይቷል። ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። ለእኔና ለእናቴ ነገረን፤ ለፖሊስ ግን አልነገረም። መምህርም እሱ እንዳየ ቢያውቁም ለፖሊስ ሲያመለክቱ ስሙን አልሰጡም። «ከፈለገ ራሱ ይመጣል፤ እኔ ሰው አልጎትትም» አሉ። አባቴ ደግሞ «ይህ ሰውዬ እንጀራ ሰጥቶኛል» ይላል።

እኔ የከፍተኛ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ የምማረውም ፍሌሚንግስቤሪ በሚባል ሰፈር ነው። የተማሪዎች የፊልም ክበብ ስለ አንድ የከብት ማረጃ ሠራተኞች ማኅበር የተሠራ የድሮ ፊልም ሊያሳይ መሆኑን ማስታወቂያ ላይ አነበብኩ። ማኅበሩን የያዙት ሰዎች ይሰርቃሉ፣ የተቃወማቸውን ይደበድባሉ፤ አንድ ሥጋ መዛኝ ግን ያየውን ወጥቶ ይናገራል ይላል። ልክ ለእኛ ቤት የተሠራ መሰለኝ። አባቴን «የትምህርት ቤት ሥራ ነው፣ አብረኸኝ እይልኝ» አልኩት። ለትምህርት ከሆነ እንቢ አይልም።

አዳራሹ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን በጆሮው አተረጉምለት ጀመር። ከፊታችን የተቀመጠች ልጅ ዞራ «ሽሽ!» አለችን። አባቴ ሁሉም ሰው በሚሰማው ድምፅ ይቅርታ ጠየቃት።

በፊልሙ መካከል የማኅበሩ አለቃ ቅርጫት ሙሉ ብርቱካን ይዞ የተደበደበው ሠራተኛ ወደተኛበት ክፍል ገባ። አባቴ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ይኸው! ጸጸተው። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው።»

«አይደለም አባዬ፣ ሊያስፈራራው ነው።»

«በብርቱካን?»

መጨረሻ ላይ መዛኙ በስብሰባው ፊት ቆሞ ያየውን ሁሉ ሲናገር አለቀስኩ። አባቴን በጎን አየሁት። ፊቱን ቋጥሮ እያሰበ ነበር። ተሳካልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ እያየ ተናገረ።

«በዚያ ከተማ አንድ ሽማግሌ የለም እንዴ?»

«የምን ሽማግሌ?»

«የሚያስታርቅ ነዋ! ቄስ የላቸውም? አማት የላቸውም? ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲደባደቡ አንድ ሰው ተነስቶ ‹ኧረ በሕግ አምላክ› አይልም?»

«አባዬ፣ ወንጀል ነው እኮ። ጠብ አይደለም።»

«ወንጀል የሚሆነው አስታራቂ ሲጠፋ ነው» አለና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየቱን ቀጠለ።

በሚቀጥለው እሑድ ከጸሎት በኋላ ሱፉን ሳያወልቅ ጠራኝ። ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ነበር። እንዳያዳላ ብሎ አንዱን ከእኛ ጸሎት ቤት፣ አንዱን መምህር ከሚሳለሙበት ቤተ ክርስቲያን ነው ያመጣቸው። «መምህር ቤት አንቺም ነይ፤ እጁ ስለማይሠራ ሻይ ታፈይልናለሽ» አለኝ።

መምህር በሩን ከፍተው ሦስቱን ሲያዩ የመጡበት ነገር ወዲያው ገባቸው። ቢሆንም አስገቧቸው። እንዴት አያስገቡም?

«የመጣነው ማን አጠፋ ብለን ልንመረምር አይደለም፤ ጠባችሁን ልናበርድ ነው» አሉ ከመምህር ቤተ ክርስቲያን የመጡት፣ ጠጉራቸው ጥጥ የመሰለ አዛውንት።

«አባቴ፣ እኔ አልተጣላሁም። ተሰበርኩ እንጂ» አሉ መምህር።

«እናውቃለን ልጄ። በሰው አገር እርስ በርሳቸው ተካሰው ተበላሉ ይበሉን?»

እኔ የሻዩን ትሪ ይዤ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ድፍረቴን ሰበሰብኩ። «ይቅርታ፣ አባቶቼ… ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ነው። በዚህ አገር ሕግ ተበዳዩን ሄዶ እንዲህ ማለት…»

«ጎበዝ! ተማሪ ነሽ አሉኝ» አሉኝ አዛውንቱ በፈገግታ። «እስቲ ስኳሩን አቀብይን፣ የኔ ልጅ።»

አቀበልኳቸው።

ከዚያ ሦስቱም ተነስተው ቆሙ። እሺ እስኪሉን አንቀመጥም አሉ። መምህር ወደ መሬት አቀረቀሩ። ቀና ሳይሉ ሲቀሩ አዛውንቱ ጉልበታቸውን ይዘው ወደ መምህር እግር ማጎንበስ ጀመሩ። መምህር ከወንበራቸው ዘለው በደህናው እጃቸው ደገፏቸው።

«ኧረ አያድርጉት አባቴ! በእኔ ላይ ምን ሊያመጡብኝ ነው? እሺ! እሺ አልኩ!»

ሊቀመንበሩ ለካ ታች መኪና ውስጥ ሲጠብቅ ነበር። ተጠርቶ ወጣ፤ የመምህርን ጉልበት ስሞ አለቀሰ። እንባው የውሸት አይመስለኝም። በማግስቱ መምህር ለፖሊስ ደውለው ራሴ ወድቄ ነው አሉ። አባቴ በዚያ ሳምንት እያፏጨ ነበር ወደ ሥራ የሚሄደው።

የቅነሳው ደብዳቤ ሲመጣ የመጀመሪያው ተሰናባች መምህር ሆኑ። የበጋ ቤቱን የቀቡት ሁሉ ቀሩ። አባቴም ቀረ።

ሊቀመንበሩን ሄዶ አነጋገረው። ተመልሶ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ሳሎን ገባ፤ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። «‹ያስታረቅኩህ እኔ አይደለሁም?› አልኩት። ‹እንዴ ጋሼ፣ እኔና መምህር እኮ ምንም የለንም፤ ይሄ የሥራ ጉዳይ ነው› ብሎ ሻይ ጋበዘኝ» አለን። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ፖሊስ ጋ ደውይልኝ። ያየሁትን እናገራለሁ» አለኝ።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ጠብቄያለሁ። አስቀድመን ግን ለመምህር እንንገር ብለን ወደ ላይ ወጣን።

መምህር እስኪጨርስ አዳመጡት። «አይሆንም» አሉ።

«እንዴት አይሆንም?»

«በሽማግሌ ፊት ይቅር ብያለሁ። ለፖሊስም ወደቅኩ ብያለሁ። አንተ ተገፍቶ ነው ካልክ እኔ ምን ልባል ነው? ውሸታም? ቃሉን የበላ?»

«ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ እሸከመዋለሁ።»

«ሸንጎውን የሰበሰብከው አንተ ነህ። ‹እሺ› ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ እሱን አንተ ልትሸከምልኝ አትችልም።» አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ የምትማሪው ለዚህ አይደል? አንድ መንገድ አይጠፋም። ንገሪው እንጂ።»

ከልጅነቴ ጀምሮ ደብዳቤ አንብቢ፣ እዚህ ደውዪ፣ ይህ ምን ማለት ነው ሲለኝ መልስ አጥቼ አላውቅም። የማላውቀውንም ጠይቄ አመጣለሁ። አሁን ግን ብጠይቅስ ማንን ልጠይቅ? ሁለቱም እያዩኝ ነበር፤ መምህር ግን መልስ የሚጠብቁ አይመስሉም።

«አላውቅም አባዬ» አልኩት።

መምህር ተነስተው ቴሌቪዥኑን ከፈቱት፤ የአየር ሁኔታ እየተነገረ ነበር። አባቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ። ነገ ነፋስ ይኖራል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይቀላቀላል ይላል። ሦስታችንም እስከ መጨረሻው አየነው።