ያለ ጊታር ያወራው አምፕሊፋየር

ዛሬ ጠዋት ወልድያ፣ ቤቴ ውስጥ፣ አሮጌውን የጊታር አምፕሊፋየሬን ሳሞቅ ስፒከሩ በሰው ድምፅ ዜና ማንበብ ጀመረ። ጊታሩ ገና አልተሰካም።

ሳላስበው እጄ ሶኬቱን ነቀለው።

ልጄ ሳቀችብኝ። "አባዬ፣ ሬዲዮ ጠልፎ እኮ ነው።"

እሷ በደርግ ጊዜ አልተወለደችም።

ያኔ መርሳ ውስጥ በቀበሌው የኪነት ቡድን ጊታር እጫወት ነበር። ይሄው ካልሞቀ የማይሠራ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር አንድ መሰኪያ ብቻ ነበረው። ለክራር ተጫዋቻችን ሁለተኛ ልጨምርለት ብዬ ከቤት መብራት በተረፈ፣ የሬዲዮ ሞገድ በማይከላከል ተራ ሽቦ በየድኩት። ባለሙያ ነኝ ባይ ነበርኩ። ለካ የሠራሁት አንቴና ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ልምምዳችንን ሊያይ መጥቶ ፊት ለፊታችን ተቀመጠ። የአብዮቱን መዝሙር ልንጀምር ስንል ስፒከሩ የአማፂዎቹን ሬዲዮ ለቀቀው። ያን ሬዲዮ ሲሰማ የተገኘ ሰው ደብዛው ይጠፋ ነበር። ክራር ተጫዋቹ ክራሩን እንዳቀፈ ደርቆ ቀረ፤ እኔም ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ።

ሊቀመንበሩ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። አለቀልን አልኩ።

ተመልሶ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "አንተ፣ ይሄ ነገር ከኔ ቤት ሬዲዮ የበለጠ ጥርት አድርጎ ይይዘዋል። ድምፁን ቀንሰው እንጂ አታጥፋው።"

ሽቦውን እስከ ዛሬ አልቀየርኩትም።

እናንተስ፣ ያኔ በምን ነበር የምትሰሙት? አሁን ማውራት ይቻላል።