እናቴና የጃፓኗ ጎረቤቴ

ለንደን ዩኒቨርሲቲ እየተማርኩ አንዱን ዓመት ያሳለፍኩት ጃፓን ነው። እዚያ ሳለሁ በብርዱ ወራት ኃይለኛ ጉንፋን ጣለኝ። ጎረቤቴ የነበሩት አሮጊት ከክፍሌ አለመውጣቴ አሳስቧቸው በሬን አንኳኩ። ሐኪም ቤት ወሰዱኝ፤ ስንመለስም የሩዝ አጥሚት ሠርተው በማንኪያ አጠጡኝ።

እናቴ ለንደን ካለው ሰፈራችን ከኬንቲሽ ታውን ስትደውል ድምፄ ተዘግቶ ስለነበር ስልኩን ለእሳቸው ሰጠኋቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ! እርስዎ ባይኖሩ ልጄን ምን ይውጣት ነበር?» አለቻቸው በአማርኛ።

እሳቸውም በጃፓንኛ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁላት» አሏት፣ የምታያቸው ይመስል ጎንበስ እያሉ።

አስተርጓሚ ሳያስፈልጋቸው ብዙ አወሩ። እኔም ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ ሁለት እናት እንዳለው ሰው ደስ አለኝ።

እናቴ ዛሬም ስማቸውን መጥራት ያቅታታል። ስትጸልይ ግን «የጃፓኗን እህቴን ጠብቅልኝ» ሳትል አታበቃም።