ሙሽሪትን የደበቃት ፊደል

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው... መርካቶ ዱባይ ተራ ሱቃችን ውስጥ የሰው ሞባይል ላይ ዘፈን እየጫንኩ ሳለ፣ ሸማ ተራ ነጠላ የሚሸጡት እትዬ ዘሀራ ገቡ። ሌላ ቀን ቢሆን ገና ከበሩ ጀምረው ነው የሚሰድቡኝ። የዛን ቀን ሰላምታም የለ።

«የልጄን የሰርግ ፎቶ ስጠኝ። አባቷ አልጋ ላይ ሆኖ ሰርጉን አላየም፣ ላሳየው ነው» አሉኝ።

ፎቶ አንሺው ሁሉንም እኛ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ፣ ካሜራው ላይ ያለውን አጥፍቶ ሌላ ሰርግ ሄዷል። ሌላ ቦታ የለም። ደውዬ የት እንደከተተው ብጠይቀው «እዛው ነው» ብሎ ዘጋብኝ። እዛው ማለት ምን ማለት ነው? ኮምፒውተሩ እኮ የመርካቶን ዘፈን ሁሉ የተሸከመ ነው።

እኔ ግን አልደነገጥኩም። ማሽኑን ቫይረስ ሲፈጀው ጊዜ አንድ የኮሌጅ ልጅ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጭኖልን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት ላይ እየጻፍክ ፋይልን በዓይነቱ መፈለግ እንደሚቻል አሳይቶኛል። ዘፈን ከሆነ መጨረሻው mp3፣ ፎቶ ከሆነ jpg። እንደ መርካቶ በሉት፣ ሁሉም በየተራው ነው። እየተኮፈስኩ ጻፍኩ፦

find -name "*.jpg"

የዘፋኝ ፎቶ በሽ ነው። ሙሽራ የለችም።

«የታለች ልጄ?» አሉ እትዬ ዘሀራ፣ አንገታቸውን አስግገው።

«እየመጣች ነው። ሙሽራ መቼ በሰዓቷ ደርሳ ታውቃለች?»

አልሳቁም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ይሄኔ የሱቁ ባለቤት ጋሼ ሸምሱ ከባንኮኒው ኋላ ተነሱ።

«አንተ፣ ደብቀህ ከሆነ አሁኑኑ አውጣ።»

«ጋሼ፣ ወላሂ አልደበቅኩም።»

«ስልኬ መስጊድ በር ላይ እንደ አህያ ሲያናፋ ጊዜም ወላሂ ብለህ ነበር።»

እሱስ እውነት ነው። ግን አህያ ሌላ፣ ሙሽራ ሌላ። ሰው አንዴ ቀለደ ተብሎ ዕድሜ ልኩን ይጠረጠራል እንዴ?

ደግሜ ጻፍኩ፣ የለም። መጨረሻ ላይ ከመስታወቱ ውስጥ ለሽያጭ የተቀመጠ ካሜራ አነሳሁና ጋሼን እንደተቆጡ ፎቶ አነሳኋቸው።

«ጭራሽ?» አሉ።

ካሜራ ፎቶውን ምን ብሎ እንደሚሰይም ልይ ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁትና ስሙን አየሁት። መጨረሻው JPG ይላል። በትልቁ ፊደል። እኔ በትንሹ ነው የምፈልገው።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። በኛ አገር «ሀ» እንደ በር ሰፍታ ብትጻፍ፣ እንደ ቅማል ብታንስ፣ ያው «ሀ» ናት። ይሄ ማሽን ግን ትልቋንና ትንሿን አላውቃቸውም፣ ዘመድም አይደሉም ይለኛል። እንግሊዝኛ አስተማሪያችን ስለ ትልቁ ፊደል ጆሮዬን ሲቆነጥጠኝ ነው ከትምህርት ቤት የሸሸሁት... ለካ ዱባይ ተራ ድረስ ተከትሎኛል።

የኮሌጁ ልጅ ጋ ደወልኩ። «name ከሚለው ፊት i ጨምርበት፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል ይፈልግልሃል» አለኝ። ጨመርኩ፦

find -iname "*.jpg"

ሰርጉ ተዘረገፈ። ሙሽሪት፣ ሚዜዎች፣ እትዬ ዘሀራ ራሳቸው አፋቸውን ሞልተው ሲጎርሱ ሳይቀር።

እትዬ ዘሀራ ስክሪኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። እኔም ምርቃቴን ለመቀበል ጎንበስ አልኩ።

«አላህ ይማርህ ልጄ» አሉኝ። «ሁለተኛ ግን በሰው ልጅ እንዲህ አትቀልድ።»

ይማርህ? ምን አድርጌ?

ጋሼ ሸምሱ ጭራሽ ፈረዱብኝ። «አየሽ ዘሀራ፣ አንዲት ፊደል ጨመረና አወጣት። እሱ ባይቆልፋት ቁልፏን ከየት ያውቃል?» ከዛ ወደኔ ዞረው፣ «የቷን ነው የነካሃት?»

«ይቺን፣ i የምትባለዋን።»

ኪቦርዱ ላይ ፕላስተር ቆርጠው ለጠፉባት። «ከእንግዲህ ትነካታለህና እንተያያለን።»

ይኸው እስከዛሬ እንደተለጠፈባት ነው... እስቲ አንድ ሰው ያስረዳልኝ፣ ያለሷ እኮ find ራሱ አይጻፍም።