ያረምኳት ሰባት ቁጥር

ባለፈው ሰሞን ደብረ ታቦር መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሚኒባስ ቢፕ፣ ቢፕ እያለ ወደ ኋላ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ዞር ሲልለት እኔ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁና ረዳቱ «እናት፣ አይሰሙም እንዴ!» ብሎ ጮኸብኝ። መስማቱንስ ከማንም በላይ ሰምቻለሁ፤ የሰማሁት ግን የእሱን መኪና ሳይሆን፣ ንፋስ መውጫ ቤታችን ውስጥ ከአባቴ የብራና መወጠሪያ አጠገብ ተቀምጦ የነበረውን የወንድሜን ኮምፒዩተር ነበር።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር፤ ዳዊትና ተአምረ ማርያም በብራና እየጻፈ ለየደብሩ ይሰጥ ነበር። ጽፎ ሲጨርስ እኔን ይጠራኝና ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ አንዳችን አሮጌውን መጽሐፍ ድምፅ አውጥተን ስናነብ ሌላችን አዲሱን በሰንበሌጥ ጫፍ እየተከተልን፣ የጎደለ ፊደል የተገኘ እንደሆነ «ግድፈት!» ብለን እናስቆም ነበር። ዐሥር ዓመት ሳይሞላኝ ዓይኔ ከእሱ ዓይን ይፈጥን ነበርና በዚህ መቼም አልታማም። አባቴ በድካም የተገደፈውን ይታገሣል፤ አይቶ ያለፈውን ግን አይምርም ነበር። «ያየሽውን አንብቢ፤ ሳትጨምሪ፣ ሳታስቀሪ» ይለኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ጌትነት ኮሌጅ ኮምፒዩተር ተምሮ የጨረሰ ክረምት፣ አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን አሮጌ ኮምፒዩተር በማዳበሪያ ጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ጭኖ መጣ። ቴሌቪዥናችን መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጥሎ ከርሞ ነበር፤ ዲሹ ግን ግቢያችን ውስጥ ዝናብ እየጠጣ ቆሞ ነበር። ጌትነት «ሌላው ለዚህ ሽማግሌ ይከብደዋል» ብሎ ሊኑክስ የሚባለውን ፕሮግራም ጫነበትና፣ የዲሹን ገመድ የምትቀበል ሳሙና የምታክል ዕቃ ሰክቶ ቴሌቪዥን አደረገው። እንደ ከተማው ስም ነፋሱ ዲሹን በየሳምንቱ ያዞረው ስለነበር፣ ኮምፒዩተሩ ሲግናል ባገኘ ቁጥር ቢፕ እንዲል አደረገው፤ አባቴ በዝናቡ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ዲሹን በቀስታ ሲያዞር፣ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄድና ሰማዩን ያገኘን ጊዜ ሁላችንም እንጮህ ነበር።

ትዕዛዞቹን ሁሉ ጌትነት በደብተር ጻፈልን። ጥቁሩ የኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ ቻናሎቹ ሁሉ የሚፈለጉባት አንዲት መስመር በየትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለች፣ በመስመሯ ላይ ያሉት ቁጥሮች እነማን እንደሆኑ፣ ሁሉንም በዚያ በተንጋደደ እጁ ጻፈው። «እጅህ ያሳፍራል፤ የቁም ጸሐፊ ልጅ ነህ ብለው ማን ያምናል?» ይለው ነበር አባቴ። ግን ደብተሩን እንደ ትምህርት ቃል በቃል ያዘው፤ የላቲኑን ፊደል እየሣለ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፋይሉን ራሱ ከፍቶ ራሱ ይዘጋ ጀመር። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበርና ከሥዕሉ ሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ እኔ ነበርኩ የማነብላት።

መስከረም ጠባ፣ ገብሱ ታጨደ፣ ጌትነት ግን ሥራ አላገኘም። ንፋስ መውጫ ያለ ቢሮ ሁሉ ማመልከቻውን እየተቀበለ ያስቀምጥለት ነበር። ከመቀመጥ ብዛት ፊቱ እየጠቆረ ሄደና፣ ጥር ላይ የጥምቀት ማግስት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በመተማ በኩል ሊወጣ ተነሣ። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች፤ አባቴ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና ባረከው። ጌትነት እኔን «ደብተሩን አደራ፤ ቢጠፋባችሁ የምታበሪው አንቺ ነሽ» አለኝ። ያን ዕለት ኩራቴ ከኀዘኔ ይበልጥ ነበር፤ ለዚህ ዛሬም አፍራለሁ።

በጾሙ መጀመሪያ ከሱዳን ደወለ፣ አጋማሹ ላይ ከሊቢያ ደወለ፣ ከዚያ በኋላ ዝም አለ። እናቴ የአባቴን ስልክ በመቀነቷ ቋጥራ ትውል ጀመር፤ ወንዝ ስትወርድ እንኳ ውኃ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን አትነቅልም ነበር። የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ አባቴ ስልኩን «ቻርጅ ላድርገው» ብሎ ከወሰደባት በኋላ ግን አልመለሰላትም። በዚያው ቀን ኮምፒዩተሩም ሥዕል ማምጣት አቆመ።

ፋሲካን እንዲሁ ዋልን። በማግስቱ ከአርብ ገበያ ከተማ ጤፍ ይዛ የመጣች፣ እናቴን የማታውቅ ሴት፣ ባሕር ላይ ጀልባ እንደተገለበጠና የልጆቹን ፎቶ በየቀኑ ከሰዓት በቴሌቪዥን እያሳዩ እንደሆነ ገበያ መሀል አወራች። እናቴ የሰማችው «ልጆቹን ያሳያሉ» የሚለውን ብቻ ነበር፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚያሳዩት የተረፉትን ነው ብላ ቆረጠች።

«መርጌታ፣ በልጅዎ ይዤዎታለሁ፤ ያንን ነገር ያስተካክሉልኝ» ትለው ነበር።

«ነፋሱ ዲሹን አዙሮታል። እስኪበርድ ነው» ይላታል አባቴ ፊቱን ሳያዞር።

ወደ ጎረቤት ሄደች፤ የእነሱም ተበላሽቷል አሏት። ከዚያ ማዶ ሄደች፤ የእነሱም። በዚያ ሳምንት በሰፈራችን ያለ ቴሌቪዥን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተበላሽቶ ነበር፤ እኔ ቂሏም በየቤቱ ስከተላት የእኛን የማስተካክለው እኔ ነኝ እያልኩ በልቤ እኮራ ነበር። እሷ ጥቁሩን መስኮት እያየች እህል ሳትቀምስ ትውላለች። «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው» እያለች ጉልበቷን ትደቃ ነበር።

አርብ ከሰዓት አባቴ እንግዳ አለብኝ ብሎ ወደ መናኸሪያ ሲወጣ፣ እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «አንቺ ታውቂ የለም ወይ ልጄ? ወንድምሽ አንቺን አስተምሮሽ የለም ወይ?» አለችኝ።

ኮምፒዩተሩን አበራሁት። ቢፕ፣ ቢፕ አለ፤ ድምፁም ቀጭን ነበር። የጌትነትን ደብተር ገልጬ ሳነብ ከታች እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ቢፕ እያለ ሥዕል ከሌለ ጥፋቱ ዲሹ ላይ አይደለም፤ ቁጥሩን እዪ።» ፋይሉን ከፈትኩና ሰንበሌጥ አንሥቼ፣ አባቴ እንዳስተማረኝ ደብተሩን ድምፅ አውጥቼ እያነበብኩ መስኮቱን በሰንበሌጡ ጫፍ ተከተልኩ። ደብተሩ 27500 ይላል፤ ፋይሉ 21500 ይላል። «ግድፈት!» ብዬ ዘለልኩ። አባቴን ያረምኩት መስሎኝ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። አንዷን አጥፍቼ ሰባት አድርጌ ጻፍኩ።

ሥዕሉ መጣ። አንድ ልጅ፣ ሌላ ልጅ፣ አንዲት ሴት፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ቆይተው ያልፉ ነበር። ከዚያ ጌትነት መጣ፤ በኮሌጅ መታወቂያው ፎቶ፣ አንገቱን እንደ ልማዱ ዘንበል አድርጎ። እናቴ እልል አለች። ጎንበስ ብላ መስኮቱን ሳመችና «ተረፈልኝ! ልጄ ተረፈልኝ! ከሥር ምን ይላል? አንብቢልኝ እንጂ» አለችኝ።

አነበብኩላት። ሳልጨምር፣ ሳላስቀር፣ «ሕይወታቸው ካለፈው ወጣቶች መካከል» ከሚለው ጀምሬ እስከ ስሙ ድረስ በዚያው የንባብ ድምፄ አነበብኩት፤ ያነበብኩት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ እሷ መሬት ላይ ከወደቀች በኋላ ነው።

አባቴ ከስማዳ የመጡትን ሁለቱን አጎቶቼን፣ የእናቴን ወንድሞች፣ ተቀብሎ የገባው በዚያው ቅጽበት ነበር። የጌትነት ጓደኛ ከወደዚያ የደወለለት ዕለት ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ተመካክሮ፣ መርዶው ወንድሞቿ ባሉበት፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ የሚደግፋት ሰው ግራና ቀኝ ተቀምጦ ሊነገራት ወስነው ነበር። ለዚያች ማለዳ አንድ ሌሊት ነበር የቀረው። አጎቶቼ ወደ እናቴ ሲሮጡ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ መስኮቱን፣ ቀጥሎ ደብተሩንና ሰንበሌጡን፣ በመጨረሻ እኔን አየኝ።

«ማን አረመው?» አለ።

«እኔ፣ አባባ። ሰባቷ አንድ ተብላ ነበር።»

 «ልክ አርመሻል» አለኝና ደፉ ላይ ተቀምጦ ወገቡን ይዞ እንደ ሴት አለቀሰ። በዕድሜው አውቆ የጻፋት ግድፈት ያቺ ብቻ ነበረች።

ከጌትነት ተዝካር በኋላ አባቴ አንድ ገድል ጽፎ ጨረሰና እንደ ድሮው ጠራኝ። እሱ ሲያነብ እኔ ስከተል፣ አንድ ቦታ ላይ ፊደል ጎድላ አየሁ፤ አፌ አልከፈትልኝ አለ። አባቴ ንባቡን አቁሞ ፊቴን አየኝ፤ እሱም እንዳየ አወቅሁ። ከዚያ ቀጠለ። መጽሐፉ ዛሬም በእስቴ ገጠር አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ፤ ፊደሏም እንደጎደለች ናት።

አሁን ቤቴ ያለው ቴሌቪዥን አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ቻናሉን ሁሉ ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ ልጆቼ ቁጥር ይጻፍለት እንደነበር ስነግራቸው ይስቃሉ። ወሬ ደግሞ ዛሬ ከማንም ቀድሞ ስልክ ላይ ይደርሳል፤ ለእናት ወንድሞቿ እስኪመጡላት የሚጠብቅላት የለም። ያኔ አንድ ሽማግሌ በአንዲት ቁጥር ሞትን ዘጠኝ ቀን ከደጃችን አቁሞት ነበር። እናቴ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ሁሉ ልጅ ነበራት። ዐሥረኛውን የወሰድኩባት እኔ ነኝ።