አማቴና የእንግሊዝ ሹም ሽር

የባለቤቴ አባት ከለንደን ወደ እኛ ቤት፣ አሜሪካ ሎረንስቪል ከተማ የመጡት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ነው። ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብለን አመጣናቸው። ልብሳቸውን፣ አንዲት ትንሽ ሬዲዮና ስለ እንግሊዝ መንግሥት የማያልቅ አስተያየት ይዘው መጡ። ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ሲነዱ ነው የኖሩት፤ በምርጫ ድምፃቸውን ደግሞ ሁልጊዜ ለወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ ነበር የሚሰጡት። የእኛ ሰፈር አበሻ ስለ አሜሪካ ምርጫና ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ሲጨቃጨቅ፣ እሳቸውን የሚያሳስባቸው ለንደን ላይ የጤና ሚኒስትር ሆኖ የተሾመው ሰው ነበር።

መጀመሪያ የገረሙኝ አንድ የእረፍት ቀኔ ጠዋት ነው። ከፎቅ ስወርድ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከረባት አስረው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ቀጠሮ አለዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ዛሬ ሹም ሽር ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉ ይመስል።

ጥቁር ቀለም የተቀባው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤት በር ይታያል። ሰው አንድ በአንድ ይገባል፣ ቆይቶ ይወጣል። ሻዬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለገቢው ለወጪው ሁሉ አስተያየት ነበራቸው። «ይቺ ጎበዝ ናት፣ ገንዘብ ሚኒስቴር ነበር የሚገባት። ይሄን ደግሞ ተመልከቺው፣ አምና ትምህርት፣ ካቻምና ትራንስፖርት፣ ዛሬ ደግሞ ሌላ። ወንበሩ ሳይሞቅለት ያነሱታል። እንዲህ እየተደረገ አገር ይመራል?»

ቀጥሎ አንዲት ሴት ገባች። ጋዜጠኛው በዚያ ቦታ ላይ የመጀመሪያዋ ጥቁር እንደሆነች መናገር ሲጀምር አማቴ ድምፁን ቀነሱት።

«ምነው፣ ደስ አይልም?» አልኩ።

«ስለ ቆዳዋ ነው የሚያወራው። ስለ ሥራዋ ሲጀምር እጨምረዋለሁ።»

ይህን ጊዜ አንድ ሸበቶ ሰው ከበሩ ወጣ። ተሽሮ ነው። ጋዜጠኞቹ እየጮኹ ይጠይቁታል፣ እሱ ኮቱን እየቆለፈ ወደ መንገዱ ይሄዳል። አማቴ ከሶፋው ተነስተው ቆሙ። ሽንት ቤት ሊሄዱ መስሎኝ መንገድ ለቀቅኩላቸው። እሳቸው ግን ሰውየው ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ እንደቆሙ ቀሩ።

«ይወዱታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው ሲቀመጡ።

«አልወደውም። መሻሩም ትክክል ነው።»

«ታዲያ ለምን ተነሱ?»

ቴሌቪዥኑን አጠፉትና በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ይሠሩ እንደነበር ነገሩኝ። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤታቸው ሚኒስትር የራሳቸውን መሻር እንደማንኛውም ሰው ከሬዲዮ ሰሙ። በማግሥቱ ፎቶግራፋቸው ከግድግዳው ወርዶ ነበር። የሰውየው ባለቤት በመንገድ ስታልፍ፣ ትናንት ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳት የነበረው ሁሉ መንገድ እየተሻገረ ሸሻት። ጥቂት ቆይቶ ሰውየው ከቤታቸው ተወሰዱ። ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም።

«እኛ ዘንድ ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› ይባላል» አሉኝ። «እኔ ያየሁት ሰው ግን ሲሻር ያጣው ነፍሱን ነው። ለንደን በገባሁ ጊዜ አንድ ሚኒስትር ተሻረ ተባለ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ልጆቹ ምን ይሆኑ ይሆን እያልኩ ሳስብ አደርኩ። በማግሥቱ በቴሌቪዥን ሳየው ውሻውን ይዞ ይንሸራሸራል! ሰዎች ‹እንደምን አደሩ› ይሉታል። ልጄ፣ እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ወግ አጥባቂ የሆንኩት። እንዲህ ያለ ነገር ያለው ሰው ሊጠብቀው ይገባል።»

እኔ በአመለካከቴ ከእሳቸው ጋር አልገጥምም። መንግሥት ደሃን መደገፍ አለበት ብዬ የማምን ሰው ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ ድጎማ ቤተሰብን ያላላል ባይ ናቸው። ያን ዕለት ግን ቴሌቪዥኑን መልሼ ከፈትኩላቸው። ስንቴ አልፌው የሄድኩትን ዜና እኚህ ሰው ከረባት አስረው ነው የሚያዩት።

በዚያው ዓመት ለእኔም ሹመት መጣ፣ ሹመት ከተባለ። የምሠራው የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው፣ የኢንሹራንስ ጉዳይ እከታተላለሁ። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ አረጋውያንን ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ማኅበር ውስጥ አገለግላለሁ። ይህን የሰሙ ሰዎች በአካባቢያችን የአረጋውያን አገልግሎት አማካሪ ቦርድ አባል እንድሆን ጠየቁኝ። ደመወዝ የለውም፣ ሥልጣንም የለውም፤ ሐሳብ ማቅረብ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ደስ ብሎኝ እራት ላይ ተናገርኩ።

ባለቤቴ «ኮንግራጁሌሽን!» ብሎ አቀፈኝ። አማቴ የጎረሱትን ውጠው፣ «ለምን አንቺን መረጡሽ?» አሉኝ።

«ከእኛ ኮሚዩኒቲ ሰው ስለሌለ ነው አሉኝ።»

«እንግዲያው ያስገባሽ መልክሽ ነው።»

ባለቤቴ «አባዬ፣ ካም ኦን፣ ተው እንጂ!» አለ። እኔ አሥራ ምናምን ዓመት አሮጊት ሽማግሌ በመኪናዬ ያመላለስኩት በመልኬ ነው እንዴ ብዬ ልናገር አስቤ፣ አማት ናቸውና ዋጥኩት።

«ታዲያ እምቢ ልበል?» አልኳቸው።

«እምቢ ለምን ትያለሽ? ግቢ። ገብተሽ ሥራውን ከሁሉም በላይ እወቂው። ያን ጊዜ በምን እንደገባሽ የሚያስታውስ አይኖርም።»

ተቀይሜ ከረምኩ። ግን ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ሲደርስ ወረቀቶቼን እሳቸው ፊት ዘርግቼ ማንበብ ለመድኩ። «ይሄ ገንዘብ ከየት ነው የሚመጣው?» ይሉኛል። «ይሄን የሚቆጣጠረው ማነው?» መልሱን ካላወቅኩ ፈልጌ እመጣለሁ። ቦርዱ ውስጥም የሚጠይቁኝ ያንኑ ሆኖ አገኘሁት።

የመጀመሪያው ትልቅ ሐሳቤ እናት አባታቸውን ቤት ውስጥ ለሚያስታምሙ ልጆች መጠነኛ ክፍያ እንዲሰጥ የሚል ነበር። እዚሁ አቅራቢያችን ክላርክስተን ከተማ እናቷን ለማስታመም ሥራዋን የተወች ሴት አውቃለሁ፤ ኮንየርስ ከተማ መጋዘን ውስጥ ሠርቶ መጥቶ አባቱን የሚያጥብ ሰው አውቃለሁ። አማቴ ሐሳቡን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «አልስማማም» አሉ።

ስብሰባው ላይ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ማንም ነዋሪ ስሙን አስቀድሞ አስመዝግቦ ለጥቂት ደቂቃ መናገር ይችላል። የቦርዱ ሰብሳቢ ጸጉሯ በረዶ የመሰለ ነጭ ሴት ናት፤ ተናጋሪዎችን በየተራ ትጠራለች። ከኋላ በሩ ተከፈተና አማቴ ከጎረቤታችን ጋር ገቡ። ጎረቤታችን የወሎ ሰው ነው፣ ታክሲ ይነዳል፤ እኔ ሳላውቅ እሱን ለምነው በመኪናው መጥተዋል። ሰማያዊ ሱፋቸውን ለብሰዋል። ሰብሳቢዋ ስማቸውን ስትጠራ ገባኝ። ምራታቸውን ሊቃወሙ ነው፣ በአደባባይ።

ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙና በዚያ በለንደን እንግሊዝኛቸው ጀመሩ። ምራቴ እዚያ ተቀምጣለች፣ ጥሩ ሰው ናት፣ ይህ ሐሳብ ግን ስህተት ነው አሉ። ከዚያ እኔም ባለቤቴም ሰምተነው የማናውቀውን ተናገሩ።

ባለቤታቸው የመርሳት በሽታ ይዟቸው ለዓመታት ታመው ነበር። እኛ የምናውቀው በደከሙ ጊዜ ከመንግሥት የሚላክ አስታማሚ እንደነበራቸው ነው፤ በስልክ የሚነግሩን እንደዚያ ነበር። አስታማሚዎቹ መምጣቱንስ መጥተው ነበር። ግን በየቀኑ ፊቱ ሌላ ነው፣ ሁሉም ይቸኩላል። የእንግዳ ሰው እጅ በነካቸው ቁጥር ሴትየዋ ያለቅሳሉ። አማቴ አስታማሚዎቹን አመስግነው አሰናበቱ። ሥራቸውን ለቀው ባለቤታቸውን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ጸጉራቸውን መጎንጎን ተማሩ። ክፍያ ማግኘት ይችሉ ነበር፤ ለዚሁ አንድ የመንግሥት ሰው መጥቶ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያስታምሙ ጠየቃቸው። «ያን ሰው በጨዋነት ሸኘሁት» አሉ። «ገንዘቡን ንቄ አይደለም። የቤቴን ውስጥ የሚቆጥር ሰው እንዲኖር አልፈለግኩም። ለአስታማሚ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ከሥራው ሳይባረር የሚቀርበት ፈቃድ፣ ተኝቶ የሚነሳበት አንድ ቀን። ይህን ማድረግ ከቻላችሁ አድርጉ። በመጨረሻ ባለቤቴ...»

ከፊታቸው ያለው መብራት ቀይ ሆነ። ጊዜያቸው አለቀ ማለት ነው። አማቴ ንግግራቸውን እዚያው ላይ አቆሙ።

ሰብሳቢዋ ዓይኗን እየጠረገች፣ «እባክዎ ይጨርሱ» አለቻቸው።

«አመሰግናለሁ፣ ግን ከእኔ በፊት የነበሩት በቀይ አቁመዋል» ብለው ጎንበስ ብለው እጅ ነስተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

እኔ ከወንበሬ የተነሳሁ ሁሉ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወረቀቶቼን ብቻ ነው የጨበጥኩት። ድምፅ ሲሰጥ ለራሴ ሐሳብ እጄን አወጣሁ፤ የክላርክስተኗ ሴት በዓይኔ ላይ ነበረች። ሐሳቡ በጠባብ ልዩነት አለፈ። ከአባላቱ አንዱ ግን አማቴ የተናገሩት የእረፍት ቀን ነገር አብሮ እንዲጨመር ጠየቀ፣ እሱን ሁላችንም ደገፍነው።

ሲመለሱ ከእኔ ጋር ነው የሄዱት። የመኪና ቀበቷቸውን እያሰሩ «ደህና ተከራከርሽ። ተሸነፍኩ» አሉኝ። ቂም ይኖር እንደሆነ ብዬ ፊታቸውን አየሁት፤ እግር ኳስ አይቶ እንደሚመለስ ሰው ነበሩ።

ትንሽ ከነዳሁ በኋላ፣ «አባባ፣ መብራቱ ሲያቋርጥዎ ምን ሊሉ ነበር?» አልኩ።

«በመጨረሻ ባለቤቴ ማን እንደሆንኩ ጠፍቷት ነበር። ተቀጥሬ የማስታምማት ነበር የሚመስላት። አንድ ቀን ጸጉሯን ስሠራት፣ ‹አንተ ሰው፣ እጅህ ደግ ነው። ለመሆኑ በደንብ ይከፍሉሃል?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«‹አዎ እመቤቴ፣ በደንብ ይከፍሉኛል› አልኳት። ደስ አላት።»

መንዳት አቃተኝ። አንድ የገበያ አዳራሽ ፊት መኪናዬን አቁሜ መሪው ላይ ተደገፍኩ። እሳቸው ለእኔ ደንግጠው ውኃ ፍለጋ ወንበሩ ሥር ይዳብሱ ጀመር። ያን ዓመት ሙሉ ስለ ቤተሰብ ሲናገሩ ከጋዜጣ የለቀሙት ሐሳብ ይመስለኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ ለባለቤቴ ነገርኩት። ወደ ኩሽናው ሄዶ አባቱ ፊት ቆመ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አላቸው።

«ትመጣ ነበራ» አሉት። «ሥራህን፣ ልጆችህን ትተህ ትመጣ ነበር። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ በቂ ነበርኩ።» ልጃቸው አቀፋቸው። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

የቦርዱ ሐሳብ አሁን ለበላይ ኃላፊዎች ተልኳል፤ ገና አልተወሰነም። አማቴ ሐሳባቸውን አልቀየሩም፣ እኔም አልቀየርኩም። እዚያም ነዋሪ እንዲናገር እንደሚፈቀድ አጣርተው፣ ከጎረቤታችን ጋር በታክሲው ስለ መሄድ ሲነጋገሩ ሰማኋቸውና ሰውየውን እንዳያስቸግሩ፣ እኔው እንደምወስዳቸው ነገርኳቸው።