ወደ ኤደን ያልሄድኩበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሐያት ኮምፒውተሯን ታቅፋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ ክረምቱን ውጭ አገር ሄዳ ሥራ እንድትለማመድ ዕድል ገጥሟታል። የቸገራት አገሩን መምረጥ ነው። ቱርክ የአውሮፕላኑ ዋጋ ይቀንሳል፣ ማሌዥያ ኑሮው ይረክሳል፣ ፖላንድ ደግሞ ማደሪያ ይሰጣሉ። ሁሉንም በሠንጠረዥ ደርድራ አሳየችኝ።

«አባባ፣ አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?»

«እኔ ብሆን…» አልኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ። ምላሴ ላይ የመጣው እግሬ ረግጦት የማያውቅ የአንድ ከተማ ስም ነበር። ያን ስም ከሚስቴም ከልጆቼም ጋር አንስቼው አላውቅም።

በጃንሆይ ዘመን ነው። አባቴ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ውስጥ የቅመም ሱቅ ነበረው፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል፣ ዛላ በርበሬ በጆንያ። ከወሎ ሲመጣ አንድ አህያ ጭነት ይዞ ነው የጀመረው ይባላል። እኛ ከሱቁ በስተኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች እንኖር ነበር። በርበሬ ሲወቀጥ የማያስነጥሰው ሰው ካገኛችሁ የሰፈራችን ልጅ ነው ማለት ነው። የእኔ ደብተሮች ሁሉ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸቱ ስለነበር ኮሌጅ ስገባ ጓደኞቼ «ወጡ መጣ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ያፍር ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ይማም በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ልጅ ሆኜ ከአሮጌ ዕቃ ተራ የተበላሸ ራዲዮ እየገዛ ያመጣና አልጋው ላይ በትኖ፣ «ይሄ ምን ይመስልሃል? ድምፁ የሚገባው በየት ነው?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። አስተካክሎ የጨረሰው ራዲዮ ትዝ አይለኝም። ነገር ግን እኔ የኤሌክትሪክ ትምህርት የመረጥኩት በሌላ ምክንያት አይደለም።

አባቴ ለይማም የአንድ ወዳጁን ልጅ አጭቶለት ነበር። ኒካው ሊታሰር አራት ቀን ሲቀረው ይማም ለገሃር ወርዶ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደ፤ ከዚያም ባሕሩን ተሻግሮ ኤደን ገባ። ዳሱ ሳይጣል ቀረ። አባቴ በወዳጁ ፊት፣ በሰፈሩም ፊት ተዋረደ። «ከእንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ስሙ እንዳይነሳ» አለ፤ አልተነሳም። እናቴ ግን ኤደን እየተመላለሱ የሚነግዱት ጎረቤታችን ሐጂ ኡመር ያመጡላትን ሁለት ደብዳቤዎች ከቡና ጆንያ ሥር ደብቃ ትይዝ ነበር። ማንበብ ስለማትችል አባቴ መስጊድ ሲሄድ እኔ አነብላታለሁ። ይማም ወደብ ላይ የመርከብ ጭነት ይቆጣጠር ነበር። ከሁለተኛው ደብዳቤ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ድምፁ ጠፋ።

ሦስተኛ ዓመት ስደርስ፣ ግንቦት ላይ፣ ኮሌጃችን ጥሩ ውጤት ያመጣን ተማሪዎች ክረምቱን ውጭ አገር ሄደን እንድንለማመድ ቦታ አገኘልን። ለእኔ የቀረቡልኝ ሦስት አገሮች ነበሩ። አንደኛው ግሪክ፣ መርከብ የሚሠራበት ሥፍራ፤ ሁሉም ወጪ በተማሪው። ሁለተኛው ዩጎዝላቪያ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ፤ መኝታና ምግብ ከፋብሪካው፣ የአውሮፕላኑ ግማሽ ከተማሪው። ሦስተኛው ኤደን፣ የወደቡ የመብራት ኃይል ማመንጫ፤ መንገዱ ርካሽ፣ ማደሪያ ግን ራስህ ፈልግ።

ለእናቴ ስነግራት ሰፌድ ላይ ጥቁር አዝሙድ እየለቀመች ነበር።

«ኤደንም አለበት?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«አለበት።»

እጇ ቆመ። ወደ ሱቁ በር አየች፤ አባቴ ከደንበኛ ጋር ዋጋ እየተከራከረ ነው። «እንግዲያው እሱን ምረጥ፣ ሰይድ ልጄ። ወንድምህን አይተህ ና። ባይጽፍም አለ፤ ሆዴ ይነግረኛል። እሱ እያለ ማደሪያ ይቸግርሃል?»

«እሺ፣ እማዬ።»

በአማርኛ «እሺ»ን የመሰለ ቀላል ቃል የለም። ሰው ለማስደሰትም፣ ሰው ለማሰናበትም ይሆናል። እኔ ያልኩት ለማሰናበት ነበር፤ እሷ የሰማችው ቃል ኪዳን ነው።

ያን ሰሞን ማታ ማታ ደብተሬን ይዤ ወጪዬን አሰላ ነበር። ግሪክን ገና ከመነሻው ሰረዝኳት። ኤደን ብሄድ፣ ይማምም ባይገኝ፣ ሆቴል መክፈል ሊኖርብኝ ነው። ዩጎዝላቪያ መኝታውም ምግቡም አለ። ሒሳቡ ወደ ዩጎዝላቪያ አደላ። ሚዛን ግን ያዢው እንደወደደ ሊያደላ እንደሚችል የነጋዴ ልጅ ሆኜ እንዴት ይጠፋኛል? ኤደን ለእኔ ሌላ መርካቶ ነበረች፤ ቅመም፣ ጆንያ፣ ወበቅ፣ የዓረብ ሱቅ። እኔ ደግሞ ማንም «ወጡ መጣ» የማይለኝ አገር ነበር ያማረኝ። ጓደኛዬ አሰፋም ወደ ዩጎዝላቪያ ሊሄድ ነው። ትራም ያለበት መንገድ በፎቶግራፍ አሳይቶኛል፤ በረዶ የለበሰ መንገድ። የምንሄደው በነሱ በጋ መሆኑን ሁለታችንም ልብ አላልንም።

ቅጹን ፈርሜ ያስገባሁ ዕለት እራት ላይ አባቴ፣ «የትኛው አገር ሆነ?» አለኝ።

«ዩጎዝላቪያ።»

«ሌላው ምን ሆነ?» አለ፤ ሦስቱንም አገሮች ቀድሞ ሰምቷል። «ኤደን» የሚለውን ቃል ከአፉ ማውጣት ከብዶት እንደነበር ያኔ አልገባኝም።

«ግሪክ ውድ ነው። ኤደን ደግሞ ለሌላ ተማሪ ተሰጠች፣ አባዬ።»

ምን እንዳስዋሸኝ አላውቅም። ማንም አላስጨነቀኝም። እናቴ የጎረሰችውን ሳታላምጥ ቆየች። አባቴ ጣቶቹን ታጠበና፣ «ከአላህ ከሆነ ምን ይደረጋል» ብሎ ተነሣ። ለመስቀል ገበያ ያስቀመጠውን ኮረሪማ በማግስቱ አውጥቶ ለአውሮፕላኑ ግማሽ ብሎ በርካሽ ሸጠልኝ።

የምሄድ ቀን እናቴ ሁለት ቋጠሮ ጭኮ አዘጋጅታ ነበር። አንዱን ብቻ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተች። «ያኛውስ?» ስላት «ይበቃሃል» አለችኝ።

ስለዚያ ክረምት ምን ልበላችሁ? ፋብሪካው ከወንዝ ዳር ነበር። ጠዋት ጠዋት የትኩስ ቫርኒሽና የዘይት ሽታ፣ ከሰዓት በኋላ ወንዙ። ፕሪም ከዛፉ ቀጥፈን በሸሚዛችን ጠርገን እንበላለን። አንድ ሽማግሌ ፎርማን ቋንቋችን ሳይገባው እጄን ይዞ ሽቦ መጠቅለል አስተማረኝ። ቅዳሜ ማታ አኮርዲዮን ይመጣል፤ በሕይወቴ ጨፍሬ የማላውቀው ልጅ ጨፈርኩ። አዲስ አበባ ዝናብ እንደሚዘንብ እንኳ ረስቼ ነበር።

መስከረም ላይ ስመለስ ጭቃው ገና አልደረቀም። እናቴ ሳመችኝ፤ ደጋግማ ፊቴን አየች። ምንም አልጠየቀችኝም። በሳምንቱ አሰፋ ሊጠይቀኝ መጣና በሱቁ ደጃፍ ሻይና ሙሸበክ ቀረበለት። ጨዋታ ያምርለታል፤ ስለ መንገዳችን ለአባቴ ሲያወራለት፣ «ኤደንንማ ማንም ሳይወስዳት ቀረች እኮ! ከኛ ውስጥ በዚያ ሙቀት ማን ይሄዳል?» ብሎ ሳቀ። እኔ ብርጭቆዬን እያየሁ ነበር። ቀና ስል እናቴ ከመጋረጃው አጠገብ ቆማለች። አባቴ ለአሰፋ ሙሸበክ ጨመረለት።

ስለዚህ ነገር በዚያም ቀን፣ በማግስቱም ማንም ቃል አልተናገረኝም። እንዲቆጡኝ ስጠብቅ ሳምንታት አለፉ።

ጥቅምት ላይ ሐጂ ኡመር ከኤደን ተመለሱ። ገና ጆንያቸው ሳይራገፍ ወደ ሱቃችን መጡ። ሲያዩኝ ፊታቸው ተለወጠ።

«ሰይድ! ደህና ነህ እንዴ? ታሞ ነው የቀረው ብለን እኮ…»

«የት ነው የቀረሁት?» አልኩ።

እሳቸው እናቴን አዩዋት። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። በግንቦት፣ «እሺ» ባልኳት ሳምንት፣ «ወንድምህ ሰኔ መጨረሻ ይመጣልሃል» ብላ፣ አፈላልገው እንዲያደርሱላት በሐጂ ኡመር በኩል ለይማም መልእክት ሰድዳ ነበር። አባቴ ፊት ማውጣት አትችልም፤ ለእኔም መንገር አላስፈለጋትም፤ እሺ ብያለሁና። ዩጎዝላቪያን መምረጤን ስትሰማ ደግሞ ሐጂ ኡመር ሄደው ነበር።

ሐጂ ኡመር ወደ አባቴ ዞሩ። የከለከለውን ስም ያውቃሉ። «ይቅር ይበሉኝና ልናገር» አሉት።

አባቴ ሚዛኑን ተወና በርጩማ ሳበላቸው። «ይናገሩ» አለ።

ይማም ያን ያህል ጊዜ ያልጻፈው ታሞ ከሥራ ወጥቶ ስለነበር ነው፤ ማፈሩ ነው። መልእክቱ ሲደርሰው ግን፣ አሉ ሐጂ ኡመር፣ ሰው ሆነ። ሥራ ገባ። ሁለት አልጋ ያለበት ክፍል ተከራየ። «ሰይድ ሙቀቱን አልለመደውም» ብሎ ለእኔ የሚሽከረከር ማራገቢያ ገዛ። ከጅቡቲ ጀልባ ይመጣል በተባለ ቀን ሁሉ ጺሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ወደቡ ላይ ይቆማል። ሐምሌን ቆመ። ነሐሴን ቆመ። የሚወርዱትን መንገደኞች፣ «ከበርበሬ በረንዳ የመጣ ተማሪ አላያችሁም?» እያለ ይጠይቃል። የወደቡ ሰዎች ለምደውት «ዛሬም የለም» ይሉታል።

«መስከረም ሲገባ በአንድ የጭነት መርከብ ላይ እሳት ለማንደድ ተቀጥሮ ሄደ» አሉ ሐጂ ኡመር። «የት እንደሚሄድ ጠየቅኩት፤ መርከቡ የሄደበት አለኝ። እንዲህም አለኝ፤ ‹ሰይድም እንደ አባቴ ፊቱን አዙሮብኛል። አልፈርድበትም።›»

እናቴ ወደ ውስጥ ገባች። አባቴ ወደ ሐጂ ኡመር ጠጋ አለ። ከዚያ እንደ ልጅ ድምፅ ባለ ድምፅ፣ «ጤናው እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«ከስቷል። ግን ደህና ነበር።»

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ከይማም የመጣ ወሬ የለም። ወደ ኤደን ወደብና ስሙን ወዳወቅሁት የመርከብ ድርጅት ሁሉ ለሦስት ዓመት ጻፍኩ። አንድ መልስ ደረሰኝ፤ የምፈልገው ሰው በመዝገባቸው እንደሌለ የሚገልጽ። ዓመታት አልፈው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወይም አውቶቡስ ተራ ውስጥ፣ እንደ ይማም አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚሄድ ሰው ከኋላው ሳይ እግሬ በራሱ ጊዜ ይከተላል። ስንቱን እንግዳ ሰው ትከሻ ነክቼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ! ዛሬ ቢኖር ዘጠናን የተጠጋ ሽማግሌ ነው፤ እኔ የምከተለው ግን አሁንም ጎልማሳውን ነው።

እናቴ በአንድም ቃል አልወቀሰችኝም። አብስላ አበላችኝ፤ መርቃ ዳረችኝ። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ፤ እስክትሞት ድረስ አደራ ሰጥታኝ አታውቅም። ዕቃ ለሰው መላክ ሲያስፈልጋት ታናሽ እህቴን ትጠራለች። ወሎ ላሉት ዘመዶቿ ደብዳቤ ማስጻፍ ስትፈልግ፣ እኔ ኢንጂነሩ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ የጎረቤት ተማሪ ታስጠራለች። ኑዛዜዋንም የሰማችው እህቴ ናት። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ ድምፅዋን እሰማ ነበር፤ ቃሉን ግን አልሰማሁም።

ይህን ሁሉ ለሐያት ነገርኳት። ኮምፒውተሯን ዘግታ ነበር። «አባባ፣ ያኔ እኮ ልጅ ነበርክ» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። ወጣት ሁሉ ይህን ይላል፤ ልጅነት የሠራነውን የሚያጥብ እየመሰለው።

«ዩጎዝላቪያስ? ደስ ብሎህ ነበር?» አለች፣ ወሬውን ለማቅለል።

ልዋሻት እችል ነበር። ሰው ታሪኩ እንዲያምርለት፣ ያ ክረምት ለእኔም መራራ ነበር፣ ልቤ ነግሮኝ ነበር ሊል ይከጅላል። ልቤ ምንም አልነገረኝም። ወንድሜ በዚያ ሙቀት ጀልባ ጀልባውን ሲያይ፣ እኔ ወንዝ ውስጥ እስከ አንገቴ ገብቼ እስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ወግ ማዕረግ አይቻለሁ። ሆኖም ከዕድሜህ ሁሉ ያለ ሐሳብ የተደሰትክበት ጊዜ የቱ ነው ብባል ሌላ የምጠራው የለኝም።

«አዎ» አልኳት። «እንደዚያ ክረምት ተደስቼ አላውቅም።»